አገልጋይ ያጣው ደብር

ነሐሴ ሃያ ቀን ጠዋት ቄስ ገብረ ጻድቅ ከአፋፍ ሰፈር ተነሥተው ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምሩ፣ በደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ማመልከቻ ይዘው ነበር። ማመልከቻውን የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ ቀደውታል። አራተኛውን ግን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቢያነቡት እንደሚቀዱት ያውቁ ነበርና።

የማመልከቻው ፍሬ ነገር አጭር ነው። በሰቆጣ ከተማ ዳር፣ አፋፍ ሰፈር የሚገኘው የቅዱስ ሩፋኤል ደብር አገልጋይ ስላጣ፣ ታቦቱ ወደ ሌላ ደብር ሄዶ በድርብነት ይቀመጥ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይዘጋ የሚል ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። በአፋፍ ሩፋኤል የቀሩት ግን እሳቸው ራሳቸው፣ ባልደረባቸው ቄስ ዓለምነህና ገበያው የሚባል አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሩ። ከሄዱት ዲያቆናት አንዱ ሥራ ፍለጋ ወልድያ ወርዷል፤ ሌላው «ሆዴን ምን ላድርገው አባ?» ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናብቷል። የዘንድሮው ፍልሰታ፣ ሕፃን አዋቂው ሁሉ የሚቆርብበት ያ ጾም፣ ያለ ቅዳሴ አለፈ። ቄስ ገብረ ጻድቅ በደብሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቅጽበት ከላይ የመጣች ባጃጅ ጭቃው ይዟት ቆመችና ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ከወረዱት መካከል ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ቄሱን ስታያቸው በፍጥነት ቀርባ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባ፣ በዚህ ጉልበት ዳገት? ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል ልጄ?»

«እየሩስ ነኝ፣ የመሪጌታ ዘመነ ልጅ። ክርስትና ያነሡኝ እርስዎ ነዎት።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ ፊታቸው ፈካ። መሪጌታ ዘመነ በሕይወት ሳሉ አብረዋቸው ማኅሌት የቆሙ፣ ድምፃቸው ከደጅ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ተምራ አዋላጅ ነርስ እንደሆነች ሰምተዋል፤ ካደገች ወዲህ ግን አላዩዋትም ነበር።

«አድገሻል! ወዴት ነሽ ታዲያ?»

«ወደ እርስዎ ሰፈር ነው የምወርደው። ከወለደች ሃያ ሰባት ቀን የሆናት እናት አለች፤ እሷንና ልጇን ላያቸው ነው። እርስዎስ ወዴት ነው?»

ሽማግሌው ለባልደረባቸው ለቄስ ዓለምነህ እንኳ በወጉ ያልነገሩትን ነገር፣ የቀድሞ ወዳጃቸው ልጅ ስለሆነች ይሁን ወይም ከባዱን ነገር ብቻቸውን መሸከም ስላቃታቸው፣ እዚያው በረንዳ ላይ ነገሯት። ሲጨርሱ እየሩስ ቦርሳዋን አውርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ። ደብሩ የሚዘጋው አገልጋይ ስለጠፋ ነው ወይስ ሰው ስለጠፋ?»

«ሁለቱም አንድ ነው። ሰው ሲኖር አገልጋይ ይኖራል። በፊት የሰፈሩ ሰው ካህኑን ያኖረው ነበር፤ እህሉን ይሰፍራል፣ ሰንበቴውን ይደግሳል። አሁን እነዚያ ሰዎች የት አሉ? ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። ሰፈሩ ባዶ ሆነ።»

«ባዶ?» አለች እየሩስ ተገርማ። «እኔ በዚህ ዓመት ከአፋፍ ሰፈር ብቻ ስንት እናት እንዳዋለድኩ ቢያውቁ! አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ነው የሚያድረው። በእግር ለመራመጃ እንኳ ቦታ የለም።»

«እነሱማ እንግዶች ናቸው። ከፃግብጂ፣ ከየገጠሩ በጦርነቱ ጊዜ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ዛሬ አሉ፣ ነገ ይሄዳሉ።»

«አራት ዓመት ሆናቸው እኮ አባ! በአራት ዓመት ልጅ ተወልዶ ይሮጣል።»

«ቢሆንስ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው አልከለክልም።»

«በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ኪዳን ለማድረስ ጎሕ ሲቀድ እንከፍታለን። ጸሎቱ ሲያልቅ እንቆልፋለን። ከበሮ ከተሰረቀብን ወዲህ እንዲህ ነው።»

«ጎሕ ሲቀድ እነዚህ ሰዎች የት እንደሚሆኑ ያውቃሉ? ወንዶቹ አደባባይ ላይ ተሰልፈው የቀን ሥራ ይጠብቃሉ፤ ቀድሞ ያልደረሰ አይቀጠርም። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ወንዝ ወርደዋል። እነሱ ሲመለሱ እርስዎ ቆልፈዋል። እርስዎ ሲከፍቱ እነሱ የሉም። አባ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ነው የምናገረው፣ አይቀየሙኝ፤ እርስዎና ሰፈሩ በአንድ በር እየተላለፋችሁ ነው እንጂ ሰዉስ አልጠፋም።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። አነጋገሯ አባቷን አስታወሳቸው። ግን ቶሎ ኮስተር ብለው፣

«እሺ፣ በሩን ብከፍትስ?» አሉ። «የሚመጡት ምን ፍለጋ ነው? እኔ ብዙ አይቻለሁ ልጄ። የእርዳታ ዱቄት በዚያ ግቢ የታደለ ጊዜ ሰው ተጋፍቶ አጥር ነው ያፈረሰው። የተሳደበም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ናት እንጂ የእርዳታ መጋዘን አይደለችም። ለምግብ ብሎ የመጣ ሰው ምግቡ ሲያልቅ ይሄዳል።»

«ዱቄት አላልኩም። የሰንበቴው ቤት በሳምንት ስንት ቀን ነው ሰው የሚገባበት?»

የሰንበቴው ቤት ማኅበርተኞች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረው የሚመገቡበት ሰፊ አዳራሽ ነው። ማኅበሩ ከሳሳ ወዲህ ግን ድስትና አግዳሚ ወንበር ተቆልሎበት ተዘግቷል።

«አሁን ማንም አይገባበትም» አሉ ቄሱ።

«ቆርቆሮው ደኅና ነው?»

«ቆርቆሮውስ ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ሕፃናት ለመመዘን፣ ለመከተብ፣ እናቶችን ለመምከር በሰፈሩ ውስጥ ጣራ ያለው አንድ ቤት አጥቼ ዛፍ ሥር ነው የምሠራው። ልጆቹ ፊደል የሚቆጥሩበት የላቸውም። ውኃ ከግቢያችሁ ቦኖ እየፈሰሰ ሴቶቹ ወንዝ ይወርዳሉ። ሩፋኤል ምጥ የያዛት ሁሉ የምትጠራው መልአክ አይደለም እንዴ? እሱ በሌሊትም በቀንም የሚጠራ ከሆነ ቤቱ ለምን በጠዋት ይቆለፋል?»

ቄስ ገብረ ጻድቅ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ «አንቺ የመሪጌታ ልጅ ባትሆኚ ይህን ቃል አልታገሥም!» አሉ። «አራስ ወደ ቅጥሩ ልታስገቢ ነው? ሥርዓት የለም? አርባ ቀንና ሰማንያ ቀን ለምን እንደተባለ አባትሽ አላስተማረሽም?»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። «አስተምሮኛል አባ። ሥርዓቱን አፍርሱ አላልኩም፤ መላውን እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህ ማመልከቻ ለነገ ይቆይ። ዛሬ ከኔ ጋር ይውረዱና ሰፈርዎን ይዩት። አይተው ሲያበቁ እንዝጋው ካሉ፣ እኔ ራሴ ደግፌ ዳገቱን አወጣዎታለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ላይ ዳገቱን አዩ፤ ወደ ታች ቁልቁለቱን አዩ። ቁጣቸው ገና አልበረደም። ነገር ግን ማመልከቻውን ላለማድረስ ምክንያት ሲፈልግ የቆየ ልብ ነበራቸውና፣ «ለጉልበቴስ ቁልቁለቱ ይሻለዋል» ብለው ተነሡ።

እየሩስ የወሰደቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር መቶ እርምጃ እንኳ ወደማይርቅ የኪራይ ግቢ ነው። ቄሱ በዚያ ግቢ በር ሺህ ጊዜ አልፈዋል፤ ገብተው ግን አያውቁም። በአንድ ጠባብ ግቢ ዙሪያ ዘጠኝ የጭቃ ክፍሎች ተደርድረዋል። በየበሩ ልብስ ተሰጥቷል፣ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ሴቶቹ ካህን ሲያዩ ደንግጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና እየመጡ መስቀል ተሳለሙ። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኽምጣንጋ ነበር። ቄስ ገብረ ጻድቅ እናታቸው ያሳደገቻቸው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ከተማ ከገቡ ወዲህ ግን ስብከቱም ምክሩም በአማርኛ ስለሆነ ከአፋቸው ርቆ ነበር። በኽምጣንጋ ሰላምታ ሲሰጧቸው ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ፤ አንዲት አሮጊትም እጃቸውን ይዛ አልለቅ አለቻቸው።

እየሩስ ደብሬ ወደምትባለው አራስ ክፍል ገባች። ቄሱ ካህን ናቸውና አራስ ቤት አልገቡም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው ሳለ ከግድግዳው ጀርባ የአካፋ ድምፅ ሰሙ። ከአካፋው ድምፅ ጋር እየተፈራረቀ ዝቅ ያለ የሰው ዜማ ይሰማል። ጆሯቸውን አቀኑ። ውዳሴ ማርያም ነው። ያውም እንደ ነገሩ የተለቀመ አይደለም፤ አወጣጡና አወራረዱ፣ ማረፊያው ሁሉ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ዜማ ነው።

ተነሥተው ግድግዳውን ዞሩ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው፣ እስከ ክርኑ ጭቃና ጭድ ሆኖ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይለስናል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ካህኑን ሲያይ አካፋውን ጥሎ ጎንበስ አለ፤ እጁ ቆሻሻ ስለሆነ መስቀሉን በግንባሩ ብቻ ተሳለመ።

«ዜማ ከየት ተማርክ ልጄ?»

ሰውየው ዓይኑን ሳያነሣ፣ «አላስታወሱኝም አባ» አለ።

ቄስ ገብረ ጻድቅ ትክ ብለው አዩት። ቀስ በቀስ አወቁት። ባለፈው ዓመት፣ አንድ ጠዋት በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ሲሚንቶ የለበሰ ሰው መጥቶ «ዲያቆን ነኝ፤ ማገልገል እፈልጋለሁ» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም «ከደብርህ የመሸኛ ደብዳቤ አለህ?» ብለው ጠየቁት። የለኝም አለ። እንግዲያው ሳይኖርህ አትምጣ ብለው ቁልፉን አዞሩበት።

«አንተ ነህ» አሉ በቀስታ።

«አዎን። ምሳው እባላለሁ። ነርሷ እያየቻት ያለችው አራስ ባለቤቴ ናት።»

«ለምን ተመልሰህ አልመጣህም?»

«ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ ተቆልፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ልብሴን እያየሁ አፈርኩ። እርስዎ አላጠፉም አባ። ማንም እየተነሣ ዲያቆን ነኝ ቢል መቅደስ አይገባም። ወረቀቱ ቤታችን ነበር፤ ከቤታችን ደግሞ ይዘን የወጣነው ልጆች ብቻ ነው።»

የምሳው ለስላሳ መልስ ቄሱን ከስድብ ይልቅ ጎዳቸው። ዲያቆን አጣሁ ብለው ማመልከቻ ሲጽፉ፣ ዲያቆን ከአጥራቸው መቶ እርምጃ ላይ ጭቃ ይረግጥ ነበር። ፍልሰታ ሙሉ ደወል ደውለው መቅደሱ ባዶ ሲሆን ያለቀሱት ልቅሶ አሁን ሌላ መልክ ያዘባቸው። በዚህ መካከል እየሩስ ከክፍሉ ወጥታ ከጀርባቸው ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች፤ ‹አላልኩዎትም ነበር?› የሚል አንዲት ቃል ግን አልወጣትም። በዚህ ቄሱ አመሰገኗት፤ ሰው ስሕተቱን ራሱ ባየበት ሰዓት የሚጨምርለት ሰው አይፈልግም።

«ልጁ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ደኅና ነው፤ እያደገ ነው። እናቱ ግን ሌላ ጭንቅ አላት። አርባ ቀኑ የሚሞላው ጳጉሜን ሦስት ነው።»

«የሩፋኤል ዕለት!»

ምሳው ቀበል አደረገ። «ምጥ ሲጸናባት ሩፋኤልን ተስላ ነበር አባ። ከዳንኩ ልጄን በቤትህ አስጠምቃለሁ ብላ። አሁን ቅዳሴ የለም ሲባል ሰምታ፣ ‹ስለቴ ሊቀርብኝ ነው› እያለች ታለቅሳለች። ሌላ ደብር እንውሰደው ብላት እምቢ አለች።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው በአለቃ ድምፅ፣ «የደብርህ አስተዳዳሪ ማን ነበሩ?» አሉ።

«ቄስ ደግሰው። ተመልሰው ፃግብጂ ገብተዋል።»

«ስልካቸው አለህ?»

ቁጥሩ ምሳው ዘንድ ነበር፤ በእየሩስ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው ቄስ ደግሰው አነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በኽምጣንጋ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። የምሳው ስም ሲነሣ ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ከፍ ብሎ ለግቢው ሁሉ ተሰማ።

«ምሳው በሕይወት አለ? እኔ ነኝ ለጳጳስ ያቀረብኩት! ስድስት ዓመት በፊቴ ቀድሷል። እሱን ካላመናችሁ እኔንም አትመኑኝ። ከእሱ ጋር ኪዳኑ የሚባል ዲያቆን ነበር፤ እሱስ ደኅና ነው?»

«ኪዳኑ ደኅና ነው፤ እህል ገበያ ያወርዳል ይጭናል» አለ ምሳው፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ።

«የሁለቱንም የምስክር ደብዳቤ በማኅተም አድርጌ በሚኒባስ እልካለሁ» አሉ ቄስ ደግሰው።

ስልኩ ሲዘጋ ቄስ ገብረ ጻድቅ በጣታቸው ቆጠሩ። እሳቸውና ቄስ ዓለምነህ ሁለት። ገበያው፣ ምሳው፣ ኪዳኑ ሦስት። አምስት። ደግመው ቆጠሩ፤ አምስት ነው። ማመልከቻውን ከኪሳቸው አውጥተው በአራት ቀደዱትና ምሳው የሚለስነው ጭቃ ውስጥ ጣሉት።

«ጨምረህ ርገጠው» አሉት።

ምሳው ግን አሁንም የቆመበትን አልለቀቀም። «አባ፣ ልብሴ…»

«ልብስ ከሆነ ግምጃ ቤቱ ሙሉ ልብሰ ተክህኖ ነው። የጠፋው የሚለብሰው ነው።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር። ነገር ግን ሁለት ዲያቆናት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ እንዳይሄዱ አድርጎ ማኖር ሌላ ነው። ቄስ ገብረ ጻድቅ ይህን ስለሚያውቁ በማግሥቱ የሰበካ ጉባኤውን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፤ እየሩስም ተጠርታ መጣች። በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈት፣ የሰንበቴውም ቤት ለሰፈሩ አገልግሎት ይዋል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ይግዛው ከተቀመጡበት ተነሡ። አቶ ይግዛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ለደብሩ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው።

«ይህ ለምግብ የሚመጣ ሕዝብ ነው» አሉ። «ምግቡ ሲያልቅ ይሄዳል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሁልጊዜ ይህን የሚሉት?»

«ብያለሁ» አሉ ቄስ ገብረ ጻድቅ። «ተሳስቼ ነው ያልኩት። አቶ ይግዛው፣ እኔና እርስዎስ እሑድ እሑድ ከሰንበቴው ሳንበላ ሄደን እናውቃለን? አብሮ መብላት ለኛ ማኅበር ሆኖ ለነሱ ስስት የሚሆነው በምን ሥርዓት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ይግዛው ግን አልሳቁም። «ዕቃ ቢጠፋስ? ከበሮው እኮ ጠፍቷል።»

«ከበሮው የጠፋው በሩ ተቆልፎ ሳለ ነው» አሉ ቄሱ። «ሰው የማይገባበትን ግቢ ማን ይጠብቀዋል? ቀኑን ሙሉ እናቶች፣ ልጆች፣ ዲያቆናት የሚውሉበት ቢሆን ሌባው በየት በኩል ያልፋል?»

«የአራሶቹስ ነገር?»

በዚህ ጊዜ እየሩስ ቄሱን አየቻቸው። እሳቸውም ለዚህ መልሱን ተዘጋጅተውበት ነበር። «የሰንበቴው ቤት ከውስጠኛው ቅጥር ውጭ ነው። የኋላ ግድግዳው መንገዱን ይነካል። ከኔ በፊት በነበሩት አለቃ ዘመን በመንገዱ በኩል በር ነበረው፤ በድንጋይ ተደፍኗል እንጂ ደጃፉ አሁንም ይታወቃል። እሱ ይከፈት። አራሶቹ ከመንገድ ይገባሉ፣ ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ ቅጥሩን አይረግጡም። ሥርዓቱም ይከበራል፣ ሕፃኑም ይመዘናል።»

እየሩስ ከት ብላ ሳቀችና አፏን በእጇ ያዘች። ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ለመከልከል ብቻ ሳይሆን ለመፍቀድም መንገዱን ያውቃል። ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይህን ስለማይረዱ ከሽማግሌ ጋር በከንቱ ይጣላሉ፤ እሷ ግን መላውን ለሳቸው በመተዋ ያላሰበችውን በር አገኘች።

ሐሳቡ በብዙ ድምፅ አለፈ። አቶ ይግዛው «እኔ አልስማማም» ብለው ሊቀ መንበርነቱን አስረከቡ፤ ቄሱ ሁለት ቀን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ቢለምኑም ሽማግሌው አልተመለሱም። የተደፈነውን በር ምሳውና ኪዳኑ ድንጋዩን እየነቀሉ ከፈቱት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። በግቢው ቦኖ ላይ ሴቶች ተጣልተው ጀሪካን ተሰብሯል፤ ወረፋውን ማስያዝ የተቻለው የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወንበር አውጥተው አጠገባቸው ሲቀመጡ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት እየሩስ ሚዛኗን የሰንበቴው ቤት ወጋግራ ላይ ስትሰቅል ከጠበቀችው ሦስት እጥፍ እናቶች መጡ። ከመካከላቸው ክብደቱ እጅግ የወረደ አንድ ሕፃን ተገኘና በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባ፤ አንድ ሳምንት ቢዘገይ አይተርፍም ነበር። ይህን ወሬ የሰሙት አቶ ይግዛው በማግሥቱ ምንም ሳይናገሩ መጥተው፣ የተቆለሉትን አግዳሚ ወንበሮች አውርደው፣ ልጆቹን በፊደል ገበታ ፊት አስቀመጧቸው። ሊቀ መንበርነቱን ግን መልሱልኝ አላሉም።

የዲያቆናቱ ኑሮም መላ አገኘ። ምሳውና ኪዳኑ ከሰዓት በኋላ ልጆች ያስተምራሉ፤ ወላጆቹ ደግሞ ካላቸው ላይ እያካፈሉ በየተራ ያኖሯቸዋል። ባዶ ነው በተባለው ሰፈር ያሉት ዘጠኝ ክፍሎች፣ ከአጠገባቸው ያሉትም ግቢዎች ተጨምረው፣ ሁለት አገልጋይ ለማኖር አላነሱም።

ጳጉሜን ሦስት ቀን በአፋፍ ሩፋኤል ተቀደሰ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ደጀ ሰላሙ ድረስ ቆሞ ነበር። የሚቀጠሩት ወንዶች ያን ዕለት አደባባይ አልወጡም። ምሳው ነጭ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ሲወጣ ከኪራይ ግቢው የመጡት ሴቶች እልልታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የገዛ ልጁ ሲጠመቅ መስቀል ይዞ ከመጠመቂያው አጠገብ ቆመ፤ ደብሬም ከአርባ ቀን በኋላ ቅጥሩን ረግጣ ስለቷን አደረሰች። ሕፃኑ ወልደ ሩፋኤል ተባለ። ውኃው ሲነካው እንዲያ ሲጮኽ የሰማ ሁሉ በጤናው አልተጠራጠረም።

ከቅዳሴው በኋላ ቄስ ገብረ ጻድቅ ለስብከት ቆሙ። በአማርኛ ጀመሩና ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ኽምጣንጋ ተሻገሩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «የምነግራችሁ ጥፋቴን ነው። ይህ ቤት ሊዘጋ ነበር። የሚዘጋው ድኻ ስለሆነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እናንተን ስለማያውቃችሁ ነው። እኔ ሰው ጠፋ ስል እናንተ አጥር ሥር ነበራችሁ። ዲያቆን ጠፋ ስል ዲያቆኑን ከበር መልሼው ነበር። አሁን ተመልከቱ፤ በሩ ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ልጆቻችሁ ሲመዘኑ የታመመው ቶሎ ይታወቃል። ውኃ ከደጃችሁ ሲቀዳ ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ የሚያባክኑት ጊዜ ለቤታቸው ይሆናል። ልጆቹ ፊደል ቆጥረው ትምህርት ቤት ሲገቡ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ አይቀሩም። ዲያቆናቱ ማደሪያ ካገኙ አይሰደዱም፤ ካልተሰደዱ ቅዳሴው አይታጎልም። ለእናንተ የሆነው ሁሉ ለቤተ ክርስቲያኑም ሆነ። እኔ እናንተን ልጠቅም የማደርገው መስሎኝ ነበር፤ ያተረፈው ግን ደብሩ ነው። አገራችሁ ስትመለሱ ሂዱ፤ እስክትሄዱ ድረስ ግን የዚህ ደብር ሰዎች ናችሁ፤ እንግዳ የሚላችሁ ቢኖር ወደ እኔ ላኩት።»

ከፊት የቆመችው እየሩስ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ሕዝቡ ገና ሳይበተን ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። በዚያ ዕለት የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ልጆቹ እየጮኹ ወደ ሜዳው ወጡ፤ እናቶቻቸውም ተከተሏቸው። ምሳው ሕፃኑን ከደብሬ ተቀብሎ በሰንበቴው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመና፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደውን ጠብታ በትንሿ እግሩ ላይ አሳረፈለት።

«ይግቡ እንጂ፣ ይመታዎታል!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከውስጥ።

ቄስ ገብረ ጻድቅ አልሰሙም ወይም የሰሙ አልመሰሉም። ጥምጣማቸውን ፈትተው ለእየሩስ አስያዟትና፣ ባዶ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ከልጆቹ መካከል ዝናቡ ውስጥ ገቡ።